የፒያሳው ቢሯችን ከተዘጋ ወዲህ

ይድረስ ለወንድሜ ለኑርሁሴን። ባለህበት ሁሉ የአላህ ጥበቃ አይለይህ። አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብዙ ስትቀመጥ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እዚያ ብርዱ ገብቷል ይላሉ፤ ወፍራም ልብስ አለህ ወይ? ምግብስ ተቀምጠህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ በዳቦ ታልፈዋለህ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወግ ያህል አይደለም፤ ከሰኔ ወዲህ ድምፅህን ስላልሰማን መልሱን በእውነት ስለማላውቀው ነው።

እኛ አልሃምዱሊላህ በሕይወት አለን። እማ ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ ዳገት ላይ ያስቸግራታል። በመስከረም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወስጃት ነበር፤ የሰጧትን መድኃኒት አንዳንድ ቀን ትውጠዋለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ተሽሎኛል ብላ ትተወዋለች። ወንድማችን ካሊድ ባጃጁን ይነዳል፤ ነዳጅ ሲጠፋ ከሰልፍ ሲመለስ ፊቱ አይታይም እንጂ እሱም ደህና ነው። ሚስቱ ሱዓድ ከደሴ ዙሪያ ገበሬዎች ሽንኩርትና ካሮት እየተረከበች ትሸጣለች። ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ስለነበር ሰዉ ስለ ምርቱ አላማረረም።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ የላክሁልህን ሁሉ አልከፈትኸውም። ስደውል ይጠራል፣ አታነሳም። የጎረቤታችን የጋሽ አራጋው ልጅ ጁነይድ ለትምህርት አንተ ወዳለህበት ወደ ጀርመን ሊሄድ ነው፤ ፈልጎ በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ። ቤት ቀይረህም እንደሆነ ጠይቆ ያገኝሃል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ መሀል ላይ ቢመርህም እስከ መጨረሻው አንብበው።

ቢሯችን እንዴት እንደተጀመረ አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን የዛሬውን ለመናገር ከዚያ መነሳት አለብኝ። ለኢድ የመጣህ ጊዜ ጸጋውን እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ካፌ ላይ አግኝተህ፣ የምትሠራበት ኩባንያ የጭነት መኪናዎችን የሚከታተል ሶፍትዌር እንደሚሠራና ሰው እንደሚያጥረው ነገርኸው። ደሴ ላይ ኮድ መጻፍ የሚችሉ ልጆች ካሉ ሥራውን እኔ አመጣለሁ አልኸው። ጸጋው ያን ጊዜ ኮምፒውተር ይጠግን ነበር። ወሩ ሳይሞላ ከጫማ ቤቱ በላይ ያለውን ፎቅ ተከራየና ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አዲስ አበባ ሥራ ፈልጎ ያጣው ምንተስኖት መጣ፤ እሱ ከሁላችን በልምድ ስለሚበልጥ ያለማመደን እሱ ነው። ነጂባ መጣች። እኔም ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ገባሁ። እማ ለጎረቤቱ ሁሉ ምን ትል እንደነበር ታስታውሳለህ? "ሁለቱ ልጆቼ አንድ መሥሪያ ቤት ናቸው፤ አንዱ ጀርመን፣ አንዷ ፒያሳ" ትል ነበር። ወላሂ እኔም እንደዚያ ነበር የሚሰማኝ።

ሥራው በእርግጥ አንድ ነበር። ኑሯችን ግን አንድ አልነበረም፤ ይህን በስልክ ነግሬህ አላውቅም። የእኛ ውል በየሦስት ወሩ ነበር የሚታደሰው። ውሉ ሊያልቅ ሲቃረብ ቢሮው ውስጥ ጨዋታ ይጠፋል፤ ጸጋው ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ሲወጣ ሁላችንም ጀርባውን እናያለን። ያንኑ ሥራ የሚሠሩት የአዲስ አበባ ልጆች ከእኛ በብዙ የሚበልጥ ደሞዝ ያገኙ ነበር፤ እናንተ ደግሞ ከእነሱ በብዙ። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት መስመር ያለበት ሆቴል እየፈለግን፣ ከሻይ በላይ ሳናዝ ስንቀመጥ አስተናጋጆቹ እየገላመጡን እንሠራ ነበር። መስመር ያጣንበት ሰዓት ሁሉ ከደሞዛችን ተቆረጠ። ነጂባ ስትወልድ ደግሞ ውሌን እንዳያቋርጡብኝ ብላ አርባ ቀኗ ሳይሞላ ሕፃኑን ታቅፋ መጣች። በዚያው ሰሞን እናንተ ዘንድ አንዲት ሴት ወልዳ ዓመት ሙሉ ዕረፍት ወጣች ብለው በስብሰባ ላይ እንኳን ደስ ያለሽ አልናት። ነጂባም አብራን አጨበጨበች። ውሏ ግን በሚቀጥለው ጊዜ አልታደሰም።

አንድ ቀን ከእናንተ አንዱ፣ ደግ ሰው ነው፣ በክረምቱ ዕረፍታችሁን የት ልታሳልፉ ነው ብሎ ጠየቀን። ምንተስኖት "የምን ዕረፍት?" አለው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ምንተስኖት ሊያስቅ ፈልጎ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ያ ኮድ የሚጽፍ ኤአይ መጣ። መጀመሪያ ተደሰትን፤ ሥራ ያቀልላችኋል ተባልን፤ አቀለለም። እየቆየ ግን የእኛ ሥራ እሱ የጻፈውን ማረም ብቻ ሆነ። ምን እንደተሳሳተ፣ ለምን እንደተሳሳተ፣ እኛ ብንሆን እንዴት እንደምንጽፈው በዝርዝር እናስረዳዋለን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንን ስሕተት አይደግመውም። ምንተስኖት አንድ ከሰዓት መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እያሸ "ፋኢዛ፣ ይሄ ነገር ወንበራችንን እየለካው ነው" አለኝ። አጽናናሁት። ኑሬ እያለ ምን እንሆናለን አልሁት።

ሰኔ ውስጥ በአንድ ሐሙስ ጠዋት ለስብሰባ ግቡ የሚል መልእክት መጣ። ስለ ምን እንደሆነ አይልም። ሁላችንም በጸጋው ትልቅ ስክሪን ፊት ተሰበሰብን። አንዲት የማናውቃት ሴት ነበረች፤ አንተ ከጎኗ። ኩባንያው አሠራሩን እየለወጠ ስለሆነ የደሴው ቡድን ውል አይታደስም፤ ከአዲስ አበባዎቹ ጥቂቶቹ ይቆያሉ አለች። ያጠፋነው ነገር እንደሌለ ነገረችን፤ አመሰገነችንም። ምንተስኖት ፈቃድ ጠይቆ፣ የጀመርሁት ሥራ አለ፣ እሱን እንኳ ልጨርስ እያለ ሲናገር ፊቱ ያለው ላፕቶፕ ከሲስተሙ አስወጣው። የይለፍ ቃሉን ደግሞ አስገባ፤ አልቀበልም አለው። እሱ ሲሞክር እኔንም ላፕቶፔ አስወጣኝ። ምንተስኖት የጀመረውን እንግሊዝኛ ሳይጨርስ ላፕቶፑን ከደነው።

እኔ የማየው አንተን ነበር። ከጠረጴዛው ላይ ቀና አላልህም። የሸሚዝህን እጅጌ ትጎትት ነበር፤ ልጅ ሳለህ አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲቆጣህ ታደርገው የነበረ ነው። መጨረሻ ላይ በአማርኛ "ይቅር በሉኝ" አልህ። ሴትዮዋ ዞር ብላ አየችህ፤ ከዚያ መስመሩ ተዘጋ። ጸጋው ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ከታች የሚኒባስ ረዳቶች ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ እያሉ ይጣራሉ። ማናችንም አላለቀስንም። ዕቃችንን ሰበሰብን።

ቤት ስገባ እማ ሰፌድ ይዛ ምስር እየለቀመች ነበር። በዚያ ሰዓት ስገባ ስታየኝ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ እጇን አቆመች። ከሥራ አስወጡን አልኋት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እኔ አይደለም፤ "ኑርሁሴንስ?" ነው ያለችኝ። ንዴቴ አልበረደም ነበር። እሱ ምን ይሆናል፣ እኛን ያስወጣን እሱ አይደል አልኋት። እማ ሰፌዱን አስቀምጣ ውዱእ አድርጋ ዙህር ልትሰግድ ገባች፤ የከሰዓቱ የዐስር ሰላት እስኪደርስ ከመስገጃዋ አልተነሳችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ዘንድ ትደውላለች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ እስኪቋረጥ ድረስ ትጠብቃለች፣ ከዚያ መሀረቧ ውስጥ ትጠቀልለዋለች።

ክረምቱን ሥራ ስፈልግ አሳለፍሁ። ከቤት ሆኖ መሥራት ይቻላል የሚሉ ማስታወቂያዎች ሁሉ ዝቅ ሲባል አዲስ አበባ የሚኖር ይላሉ። ሌላው ፈተና ይሰጣል፤ ከፈተናው በኋላ ካሜራ ፊት ተቀምጠሽ ለኤአይ ጥያቄ መልሽ ይላል። መለስሁ። የሰው ፊት ሳላይ አልፈለግንሽም የሚል መልእክት ደረሰኝ። በመስከረም ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ማሠልጠኛ ኮድ መጻፍ እንዳስተምር ጠራኝ። ደስ ብሎኝ ሄድሁ። ባለቤቱ ግን ልጃቸውን ለሚያስመዘግቡ ወላጆች፣ ተማሪዎቹ ሲጨርሱ ቤታቸው ሆነው ለውጭ ኩባንያ ይሠራሉ ብዬ እንድናገር ፈለገ። እኔ ራሴ እንደዚያ ስለነበርሁ ቃሌ ይታመናል አለ። አንዲት እናት በግ ሸጣ የመጣች ፊቴ ቆማ "እውነት ነው ልጄ?" አለችኝ። ሥራው ጥሩ ነው፣ ሥራው መገኘቱን ግን አላውቅም አልኋት። ልጇን ይዛ ተመለሰች። ባለቤቱ አላባረረኝም፤ ነገር ግን ኮድ ማስተማሩን ለሌላ ሰጥቶ ለእኔ የኮምፒውተር ጽሕፈት የሚለማመዱትን ብቻ ተወልኝ። አሁን በሳምንት ጥቂት ሰዓት እሱን አስተምራለሁ።

ምንተስኖት የት እንዳለ ለብዙ ጊዜ አላወቅሁም ነበር። ነጂባ ናት ኮምቦልቻ ነው ያለው ያለችኝ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ ልጠይቀው ወረድሁ። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ሹራቤን አወለቅሁ። ምንተስኖት ከፋብሪካዎቹ በአንዱ የማሸጊያ ክፍል ተቀጥሮ ካርቶን ይጭናል። የሚኖረው ከገጠር ከመጡ ሁለት ልጆች ጋር በአንዲት ክፍል ተዳብሎ ነው። ሲያየኝ ደነገጠ፤ ቶሎ ብሎ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰና ሻይ ቤት ወሰደኝ። ክስት ብሏል። ብርጭቆውን ሲያነሳ መዳፉን አየሁት፤ ቆዳው ተልጧል። እንዳየሁት ሲያውቅ እጁን ከጠረጴዛው ሥር አደረገው።

እዚህም ውሉ በየሦስት ወሩ ነው ብሎ ፈገግ አለ። ቅሬታ አላሰማኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ መኪና መንገድ ሲስት የሚያስጠነቅቀውን ክፍል መሀል ላይ ትቼው ነበር፣ ማን ጨረሰው አለኝ። አሁን እኛ ማየት አንችልም አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ሻዩን ማማሰል ቀጠለ፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

ከዚያ ስለ አንተ አነሳሁ። ኑሬ፣ አልደብቅህም፤ በጥሩ አላነሳሁህም። ወንድሜ ወንበሩን ለማትረፍ እኛን ሰጠ አልሁት። ምንተስኖት ማንኪያውን አስቀመጠ። "አልሰማሽም እንዴ? ኑርሁሴንም ወጥቷል" አለኝ። አዲስ አበባ ቡድን ውስጥ የቀረች አንዲት ልጅ ነግራዋለች፤ እኛ በወጣን በሳምንቱ አንተንና ከአንተ ጋር ያሉትን ብዙዎች አሰናበቷችሁ። ስማችንን እንድታቀርብ ያዘዙህ ሰዎች የአንተን ስም በሌላ ክፍል እያቀረቡ ነበር ማለት ነው። ልጅቷ፣ ስለ ደሴው ቡድን ተከራክሮ ነበር የሚሉም አሉ፣ እኔ ግን አላየሁም ብላዋለች። ተከራክረህ እንደሆነ አላውቅም። አልጠይቅህምም። ብትከራከርም ባትከራከርም ያን ቀን እጅጌህን ስትጎትት አይቻለሁ።

ሚኒባሱ ዳገቱን ሲወጣ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ተቀመጥሁ። ከጎኔ ያለች ሴት አሞሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ያሰብሁት፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንተ ብቻህን መሆንህን ነው። እኛ ከሥራ ስንወጣ እርስ በርስ ተያይተናል፤ ጸጋው ቢሮውን በዘጋበት ቀን ምሳ ጋብዞናል፤ ቤት ስንገባ የሚጠብቀን ሰው አለ። አንተ ማን ጋ ገባህ? የመኖሪያ ፈቃድህ ከሥራህ ጋር የታሰረ መሆኑን አንተው ነግረኸኝ ነበር። ሌላ ሥራ ለመፈለግ የሚሰጡህ ጊዜ አጭር ነው ይላሉ። አልቆ ይሆን? ያለ ወረቀት ተደብቀህ ይሆን? ምግብ ለየቤቱ የማመላለስ ሥራ ይዘህ በብርዱ ብስክሌት እየነዳህ ይሆን? እኔ በልቤ ስወቅስህ የከረምሁት ይህን ሁሉ ብቻህን ተሸክመህ ሳለ ነው።

እንደደረስሁ ለእማ ነገርኋት። መደበቅ አልፈለግሁም፤ አምስት ወር የጠበቀችው መርዶ ይሁን ኸይር ሳታውቅ ነውና። ከሥራ መውጣትህን ስነግራት እንዳሰብሁት አልደነገጠችም። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ግን "አልሃምዱሊላህ፣ ታሞ አይደለም" አለች። ለካ ሞቶ ነው የሚደብቁኝ ብላ ስታስብ ከርማለች። ካሊድ አንድ ቀን መንገድ ላይ ከሰው ጋር ቆሞ ሲያወራ አይታ ለእሷ መርዶ የሚያመቻቹ መስሏት መንገድ ዳር ተቀምጣ እንደነበር ያን ዕለት ነገረችኝ። ያ ሁሉ ዝምታህ እሷ ዘንድ እንደዚህ ነበር የሚደርሰው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ደውልላት። የምትለው ነገር ባይኖርህም ደውልላት። ሥራ አገኘሁ ብለህ አትዋሻት፤ ታውቅብሃለች። ወረቀትህ ካላለቀና ሥራ የመገኘት ተስፋ ካለህ ቆይ፣ ሞክር፤ አላህ ያግዝህ። ካለቀ ግን ሰው እንዳያየኝ ብለህ በሰው አገር አትደበቅ። እዚህ ስትመጣ ሥራ ይጠብቅሃል ብዬ አላባብልህም፤ የለም። ምንተስኖት ከአንተ ያላነሰ እያወቀ ካርቶን ይሸከማል። እኔ ፊደል አስለምዳለሁ። ፒያሳ ስታልፍ ቢሯችን የነበረው ፎቅ ላይ አሁን የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ማስታወቂያ ታያለህ። ሰዉም ይጠይቅሃል፤ ለምን መጣህ ይልሃል፤ አንዳንዱ በነገር ይወጋሃል። ይህን ሁሉ አውቀህ ና። የእኔን ቂም ግን አትፍራ፤ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ውስጥ ቀርቷል።

እማ ጉልበቷ እያመማትም ቢሆን ለአንተ ዱዓ ሳታደርግ ውላ አታድርም። ካሊድ ሰላም ብሎሃል፤ ባጃጅ መንዳት ላስተምርህ እችላለሁ በይልኝ ብሎ ስቋል፤ ሳቁ ግን ከልቡ አልነበረም። ሱዓድ ሰላም ብላሃለች፤ ከኮምቦልቻ ጤፍ አስመጥታ ለአንተ የሚሆን በርበሬም እያዘጋጀች ነው፤ ጁነይድ ሻንጣው ከቻለ ይዞልህ ይመጣል። ጸጋው ሰላም ብሎሃል፤ ወደ ጥገናው ተመልሷል፤ አንድም ቀን በክፉ አላነሳህም። ነጂባ ሕፃኗን አቅፋ ሰላም ብላሃለች። ምንተስኖት ደግሞ ሰላም በይልኝ ካለኝ በኋላ ጥቂት አሰበና፣ "እኔ አልተቀየምሁትም በይልኝ" አለኝ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእማ አነበብሁላት። የአንተ የመኖሪያ ፈቃድ ላይ ስደርስ ደግመሽ አንብቢልኝ አለች። ከዚያ ከእኔ ቃል በታች የእሷን እንድጨምር አዘዘችኝ፤ እንደተናገረችው ይኸው፦ "ልጄ፣ እኔ ሰው አገር የላክሁት አንተን ነው፤ ደሞዝ አልላክሁም። ደሞዙ ከጠፋ አንተ አትጥፋብኝ። አይዞህ፣ አብሽር።"

እህትህ ፋኢዛ

ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.